ወባ ያልሆነው ትኩሳት፦ ትንኝ የምታስተላልፋቸው ቫይረሶች ከዱር እንስሳት እስከ ሰው

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐርቡ በኩል እስከ ከሚሴ በሚዘልቀው የቦርከና ሸለቆ ያሉ ጤና ጣቢያዎች በትኩሳት ሕሙማን ይጨናነቃሉ። ታማሚው ጣቱ ተወግቶ ለወባ ይመረመራል፤ ወባ ከተገኘበት መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ካልተገኘበት ግን ነገሩ ይደበዝዛል። ብዙ ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ የደም ምርመራ ይታዘዛል፣ ውጤቱም «ፖዘቲቭ» ሆኖ ይመጣል፣ አንቲባዮቲክ ይጻፋል፣ ታማሚውም በሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። የተሻለው በመድኃኒቱ ይሁን ወይስ ሕመሙ ራሱ ጊዜውን ጨርሶ፣ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። በየጤና ተቋሙ የሚሠራባቸው ዊዳልና ዌይል ፊሊክስ የተባሉት ምርመራዎች በጤነኛ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊሆኑ እንደሚችሉ በሙያው ያሉ ሁሉ ያውቁታል፤ ሆኖም ሌላ መመርመሪያ በሌለበት ቦታ የትኩሳቱ ስም የሚወጣው በእነሱ ነው።

ወባም ታይፎይድም ያልሆኑ ትኩሳቶች ከሚመጡባቸው ምክንያቶች መካከል ትንኝ የምታስተላልፋቸው ቫይረሶች ይገኙበታል። ቢጫ ወባ፣ ደንጊ፣ ቺኩንጉንያ፣ ዚካ፣ ዌስት ናይልና የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ስማቸው ከሚጠራው ዋና ዋናዎቹ ናቸው። እነዚህን ቫይረሶች ለማወቅ የታመመ ሰው ደም ብቻ አይበቃም። ትንኟን፣ እንስሳውንና ሰውን አንድ ላይ ያላየ ምርመራ ዘግይቶ የሚደርስ ምርመራ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነና ምርመራው በተግባር እንዴት እንደሚካሄድ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆኖ ለሚያነብ ሰው እንዲገባ አድርጎ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ቫይረሶቹና ስለ ትንኟ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የወባ መንስኤ ቫይረስ አይደለም፤ ፕላዝሞዲየም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ የምታስተላልፈውም ባብዛኛው በሌሊት የምትነክሰው አኖፌለስ ናት። ከላይ ከተጠቀሱት ቫይረሶች ውስጥ ቢጫ ወባ፣ ደንጊ፣ ዚካና ዌስት ናይል ፍላቪቫይረስ የሚባል የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ቺኩንጉንያና የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ደግሞ እያንዳንዳቸው ከሌላ ቤተሰብ ይመደባሉ። ይህ ዝምድና በኋላ የላቦራቶሪ ውጤት ሲተረጎም ከባድ ጣጣ ስለሚያመጣ ልብ ሊባል ይገባል።

ደም የምትመጠው ሴቷ ትንኝ ብቻ ናት፤ ደሙን የምትፈልገው ለእንቁላሏ ነው። ቫይረስ ያለበትን ሰው ወይም እንስሳ ስትነክስ ቫይረሱ ከደሙ ጋር ወደ አንጀቷ ይገባል፤ ግን በመግባቱ ብቻ አይተላለፍም። በመጀመሪያ የአንጀቷን ግድግዳ መሻገር፣ ቀጥሎ በሰውነቷ ውስጥ መባዛት፣ በመጨረሻም የምራቅ እጢዋ ውስጥ መድረስ አለበት። አብዛኞቹ ቫይረሶች በአብዛኞቹ የትንኝ ዝርያዎች ውስጥ ይህን ጉዞ አይጨርሱም። ኤች አይ ቪ በትንኝ የማይተላለፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በትንኟ አንጀት ውስጥ ከደሙ ጋር ተፈጭቶ ይቀራል። የደንጊ ቫይረስ ኤደስ ኢጂፕታይ በተባለችው ትንኝ ውስጥ ይህን መንገድ ለመጨረስ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ከ8 እስከ 12 ቀን ይፈጅበታል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ጊዜው ይረዝማል፣ ትንኟም ቫይረሱ ምራቋ ውስጥ ሳይደርስ ልትሞት ትችላለች። ዕድሜዋ በሳምንታት የሚቆጠር ስለሆነ የጥቂት ቀናት ልዩነት ወረርሽኝ እንዲነሳ ወይም እንዳይነሳ ያደርጋል።

ይህን በእኛ አገር መልክዓ ምድር ላይ ማየት ይቻላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ትገኛለች። ኮምቦልቻ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደረስባት ሆና ሳለ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ መንገዱ በባቲ በኩል ወደ አፋር ሲወርድ ሚሌ ላይ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ይጠጋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጠዋት ከደሴ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ሚሌ ሲደርስ ያቋረጠው ትንኝና ቫይረስ የሚስማሙባቸውንና የማይስማሙባቸውን አየር ንብረቶች በሙሉ ነው። በተመራማሪዎች ስሌት መሠረት በኤደስ ኢጂፕታይ አማካይነት የሚተላለፈው ደንጊ ከ18 ዲግሪ በታች ለመተላለፍ በእጅጉ ይቸገራል፣ በ29 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይመቸዋል። ደሴን የጠበቃት ብርዷ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ኮምቦልቻ ግን ድንበሩ ላይ ናት፤ ድንበር ላይ ያለ ቦታ ደግሞ በቅርብ መታየት ያለበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ እንስሳቱ እንምጣ። ከላይ ከተዘረዘሩት ቫይረሶች አብዛኞቹ ከሰው በፊት የእንስሳት ቫይረሶች ነበሩ፤ ይህ እውቀት ከተገኘባቸው ቦታዎች ዋናዋ ጎረቤታችን ዩጋንዳ ናት። በ1936 የሮክፌለር ፋውንዴሽን በእንቴቤ ከተማ የቢጫ ወባ ምርምር ተቋም አቋቋመ፤ ይኸው ተቋም ዛሬ የዩጋንዳ ቫይረስ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባላል። ተመራማሪዎቹ በ1940ዎቹ በምዕራብ ዩጋንዳ በቡዋምባ ያደረጉት ጥናት ቢጫ ወባ ከጫካ ወደ መንደር የሚወጣበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ አሳየ። ኤደስ አፍሪካነስ የተባለችው ትንኝ የምትኖረው በትልልቅ ዛፎች አናት ላይ ሲሆን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያው ለማደር የወጡትን ጦጣዎች ትነክሳለች፤ ቫይረሱ በዚህ ሁኔታ ከጦጣ ወደ ጦጣ ሲዘዋወር ሰው የሚያውቀው ነገር የለም። ጦጣዎቹ ግን በቀን ወርደው የሙዝ እርሻ ይዘርፋሉ። በሙዙ ቅጠል ብብት ውስጥ በተጠራቀመ ጥቂት ውሃ የምትራባው ሌላ ትንኝ፣ ያን ጊዜ ኤደስ ሲምፕሶኒ ትባል የነበረችው፣ እርሻው ውስጥ ጦጣውንም ገበሬውንም ትነክሳለች። ቫይረሱ ከዛፍ አናት ወደ ሰው የተሻገረው በዚህች ሁለተኛ ትንኝ ድልድይነት ነበር። ሰዎችን ብቻ በመመርመር ይህን ሰንሰለት ማግኘት ፈጽሞ አይቻልም ነበር።

ይህ የዩጋንዳ ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው የተነሳው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ ከባዱ ነው፤ በተደረገው ግምት 100,000 ያህል ሰዎች ታመው 30,000 ያህሉ ሞተዋል። በወቅቱ አዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ቦታው ድረስ ሄደው ሲያጠኑ ያገኙት ከቡዋምባው ጋር የሚመሳሰል ነገር ነበር፤ ልዩነቱ ድልድይ የሆነችው ትንኝ የምትራባው በየጓሮው ባለው እንሰትና ጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ መሆኑ ነው። በሽታው ከዚያ ወዲህም በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ ዞን ተመልሶ ታይቷል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መካከል ቫይረሱ የትም አልሄደም፤ ሰው በማያየው ቦታ በትንኝና በጦጣ መካከል ሲዘዋወር ቆይቷል። «ለ50 ዓመት ጠፍቶ የነበረ በሽታ ተመለሰ» የሚለው የዜና አነጋገር ያሳስተናል የምለው ለዚህ ነው። የጠፋው ፍለጋው ነበር።

የአፍሪካ ጦጣዎች ከቢጫ ወባ ጋር እጅግ ረጅም ዘመን አብረው ስለኖሩ፣ ቫይረሱ ሲይዛቸው አብዛኞቹ ምልክት እንኳ ሳያሳዩ ጥቂት ቀናት በደማቸው ተሸክመውት ይድናሉ። በደቡብ አሜሪካ ሁኔታው የተለየ ነው። ቫይረሱ ወደዚያ የተሻገረው በባሪያ ንግድ መርከቦች ስለሆነ፣ የዚያ ምድር ጦጣዎች ሊቋቋሙት አልቻሉም። ከ2016 እስከ 2018 በብራዚል በተነሳው ወረርሽኝ ጮኾ በመጥራት የሚታወቁ የጦጣ ዝርያዎች በብዛት ሞተው ተገኙ፤ የጤና ባለሥልጣናት ሬሳቸውን እየተከተሉ የትኛው አካባቢ ክትባት ቶሎ ሊሰጠው እንደሚገባ ይወስኑ ነበር። አንዳንድ ነዋሪዎች ግን በሽታውን የሚያመጡት ጦጣዎቹ ናቸው ብለው በፍርሃት ገደሏቸው። ይህን ማድረግ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው፤ ጦጣ ለሰው በቀጥታ ቢጫ ወባ አያስተላልፍም፣ በመሞቱ ግን አደጋው መቅረቡን ቀድሞ ይናገራል። እኛ ዘንድ የሞተ ጦጣ ስለማይታይ ያ ማስጠንቀቂያ የለንም። ስለዚህ የአፍሪካ ተመራማሪ ሬሳ ሳይጠብቅ፣ ከጤነኛ እንስሳ ደም መውሰድ ይኖርበታል።

ጤነኛ እንስሳ መርምሮ ቫይረስ ማግኘት ምን ያህል ዕድልና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የዚካ ታሪክ ያሳያል። በ1947 የእንቴቤ ተመራማሪዎች ቢጫ ወባን ለማጥመድ ሲሉ በዚካ ደን ውስጥ፣ ዛፍ ላይ በተሠራ መድረክ፣ በፍርግርግ ውስጥ ያስቀመጧት አንዲት ሬሰስ ጦጣ ትኩሳት ያዛት። ደሟ ሲመረመር ያልታወቀ ቫይረስ ተገኘበት፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1948 ይኸው ቫይረስ ከዚያው ደን ከተያዙ የኤደስ አፍሪካነስ ትንኞች ተገኘ። ግኝቱ በ1952 ታተመ። ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመት ገደማ በሰው ላይ የተረጋገጠው ከ20 የማይበልጥ ሕመም ስለነበር ቫይረሱን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነበር። በ2007 በፓስፊክ ውቅያኖስ ያፕ ደሴት፣ በ2013 በፈረንሳይ ፖሊኔዢያ፣ በ2015 በብራዚል ተነሳ፤ ጭንቅላታቸው ከተለመደው ያነሰ ሕፃናት መወለድ ሲጀምሩም የዓለም ጤና ድርጅት በፌብሩዋሪ ወር 2016 ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። ያን ጊዜ ቫይረሱን በስሙ ለመጥራትና ከየት እንደተነሳ ለማወቅ የተቻለው ከዘመናት በፊት አንድ ቡድን ለሌላ በሽታ ጫካ ገብቶ ያገኘውን በጥንቃቄ መዝግቦ ስላስቀመጠ ነው።

በአሜሪካ በ1999 የሆነው ደግሞ የሰው ሐኪምና የእንስሳት ሐኪም ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ምን እንደሚመጣ ያሳያል። በዚያ ዓመት በጋ ማብቂያ በኒው ዮርክ ከተማ ሰዎች የአንጎል ብግነት ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ፤ የመጀመሪያው የደም ምርመራ በአሜሪካ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀውን የሴንት ሉዊስ ኢንሰፍላይቲስን አመለከተ፣ ለሕዝብም እንዲሁ ተነገረ። በዚያው ሰሞን በከተማዋ ቁራዎች በየመንገዱ እየሞቱ ይወድቁ ነበር። የብሮንክስ መካነ አራዊት የእንስሳት ሐኪም የነበረችው ትሬሲ ማክናማራ የሞቱ ወፎችን መርምራ ሁለቱ ጉዳዮች አንድ መሆን አለባቸው ስትል ተከራከረች፤ ምክንያቷም የሴንት ሉዊስ ቫይረስ ወፎችን አይገድልም የሚል ነበር። በመጨረሻ ቫይረሱ ዌስት ናይል ሆኖ ተገኘ፤ በ1937 በዩጋንዳ ዌስት ናይል አውራጃ ከአንዲት ትኩሳት ከያዛት ሴት ደም ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው ማለት ነው። በዚያ ዓመት በኒው ዮርክና በአካባቢዋ 62 ሰዎች በጽኑ ታመው 7 ሞቱ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቫይረሱ አገሪቱን አዳረሰ። የዚህ ቫይረስ ዋና መኖሪያ ወፎች ሲሆኑ ከወፍ ወደ ወፍ የሚያዘዋውሩት ኪውሌክስ የተባሉት ትንኞች ናቸው። ሰውና ፈረስ በቫይረሱ ይታመማሉ፤ በደማቸው ውስጥ የሚገኘው መጠን ግን ሌላ ትንኝ ለመበከል የሚበቃ ስላልሆነ ቫይረሱ እነሱ ዘንድ መውጫ ያጣል።

ዌስት ናይልን ያነሳሁት ስለ ሐይቅና ስለ ጨፋ ስለማስብም ነው። የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች፣ ከኮምቦልቻ በታች ያለው የቦርከና ጨፋም ወፎች የሚሰበሰቡባቸው ውሃማ ቦታዎች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል በአውሮፓና በእስያ ክረምት ሲገባ ወደ አፍሪካ የሚወርዱ ተጓዦች አሉ። ወፍ፣ ኪውሌክስ ትንኝ፣ ከብትና ሰው በአንድ ሜዳ የሚገናኙበት ቦታ ተመራማሪ ወጥመዱን ሊተክል የሚመርጠው ዓይነት ቦታ ነው።

በእንስሳት ላይ የሚደረገው ምርምር ውጤት እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ከሁሉም ይበልጥ አስፈላጊ ነው፤ ሰው በከንቱ የሚደነግጠውም፣ በከንቱ የሚረጋጋውም እዚህ ላይ ነውና። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ቡድን ከኮምቦልቻ በላይ ባለው በየጎፍ ደን ጦጣዎችን በሕጋዊ ፈቃድ ይዞ፣ በማደንዘዣ አስተኝቶ ደም ወስዶ ለቀቃቸው፣ ከደማቸውም ውስጥ የቢጫ ወባ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ነገር፣ አገኘ ብለን እናስብ። በማግስቱ «ቢጫ ወባ ኮምቦልቻ ገባ» የሚል ወሬ ቢነዛ ሐሰት ይሆናል። ፀረ እንግዳ አካል የሚያሳየው እንስሳው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከቫይረሱ ወይም ከዘመዱ ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው፤ ቫይረሱ ዛሬ በደሙ ውስጥ አለ ማለት አይደለም። ዕድሜያቸው የገፋ ጦጣዎች ብቻ ከተገኘባቸውና ግልገሎቹ ነጻ ከሆኑ፣ ቫይረሱ ከዓመታት በፊት አልፎ ሄዷል ለማለት ያስችላል። ባለፈው ዓመት የተወለዱት ግልገሎችም ካለባቸው ግን፣ ከእናታቸው የወረሱት የመጀመሪያ ወራት መከላከያ አለመሆኑ ከተጣራ በኋላ፣ ቫይረሱ በቅርቡ እዚያ ደን ውስጥ ሲዘዋወር እንደነበር ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። የግልገል ደም ከአዋቂው ደም ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ሁለተኛው ችግር ከላይ ያስቀመጥነው የቤተሰብ ዝምድና ነው። ለደንጊ የተፈጠረ ፀረ እንግዳ አካል ዚካንም፣ ዌስት ናይልንም፣ ቢጫ ወባንም በከፊል ስለሚይዝ፣ ቀላሉ ምርመራ አንዱን ከሌላው ላይለይ ይችላል። በኒው ዮርክ የመጀመሪያው መልስ የተሳሳተውም በዚሁ ነበር፤ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ወስዶ ከሆነም ውጤቱ እንዲሁ ሊያደናግር ይችላል። ይህን የሚለየው ምርመራ አድካሚ ነው። የታማሚው ወይም የእንስሳው የደም ውሃ በተለያየ መጠን እየቀጠነ ከሕያው ቫይረስ ጋር ይደባለቃል፤ ድብልቁ ቬሮ በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ይፈሳል፤ ከቀናት በኋላ ቫይረሱ ሕዋሳቱን የገደለባቸው ነጠብጣብ ቦታዎች ይቆጠራሉ። የደም ውሃው በተለይ አንዱን ቫይረስ ከሌሎቹ አራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ አጥብቆ ካገደው ተጠያቂው እሱ ነው ይባላል። ቬሮ ሕዋሳት በ1962 በጃፓን ከአንዲት የአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣ ኩላሊት የተገኙ ሲሆኑ፣ ይህች ጦጣ በእኛ አገር በየመንገዱ ዳር ለምናያት ጦጣ የቅርብ ዘመድ ናት። ምርመራው ሕያው ቫይረስ ስለሚጠይቅ ጥብቅ ጥንቃቄ ባለው ላቦራቶሪ ብቻ ይሠራል፤ ለቢጫ ወባ በአፍሪካ የማረጋገጫ ማዕከል ሆነው ከሚያገለግሉት አንዱ በሴኔጋል ዳካር ያለው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው።

ምርመራው ይህን ሁሉ አልፎ እንኳ አንድ እንስሳ የቫይረሱ ቋሚ መኖሪያ ነው ለማለት አይበቃም። እንስሳው ሲያዝ ትንኝ ለመበከል የሚበቃ ቫይረስ በደሙ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ተላላፊዋ ትንኝ በእርግጥ ያን እንስሳ መንከስ አለባት፤ ከቫይረሱ ጋር ተገናኝተው የማያውቁ ግልገሎች በየጊዜው መወለድ አለባቸው፤ ያለዚያ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ትንኟ ማንን እንደነከሰች የሚታወቀው ደም የጠገበችውን ይዞ ሆዷ ውስጥ ካለው ደም ዘረመል በመለየት ነው፤ የላም፣ የጦጣ፣ የሰው፣ የዶሮ ደም በዚህ መንገድ ይለያል። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ምርምር ውስጥ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ክፍል ነው፤ አንዲት ትንኝ የጦጣም የሰውም ደም ተቀላቅሎ ሆዷ ውስጥ ከተገኘባት፣ ያ ድልድይ በቃል ሳይሆን በማስረጃ ታየ ማለት ነውና።

ትንኝ የሚያጠምድ ቡድን ሥራው ከጎህ በፊት ይጀምራል። ሌሊቱን ሙሉ የበራው የብርሃን ወጥመድ መረብ ፀሐይ ሳያገኘው ይወርዳል፤ ቀን የሚነክሱትን ኤደሶች በብርሃን ማጥመድ ስለማይቻል ደግሞ የሰው ላብ የሚመስል ሽታ ያለው ወጥመድ ይተከልላቸዋል። ትንኞቹ በብርድ ተደንዝዘው በማጉያ መነጽር ሥር በዝርያና በቦታ ይለያሉ፣ ከ25 እስከ 50 እየሆኑ በአንድ ቱቦ ይጨመራሉ፣ ተፈጭተውም የቫይረሱን ዘረመል አብዝቶ በሚያሳየው ፒሲአር በተባለ ምርመራ ይመረመራሉ። በቡድን የሚመረመሩት ከሺህ ትንኞች አንዷ እንኳ ቫይረስ ላይኖርባት ስለሚችል ነው። የእነዚህ ቫይረሶች ዘረመል አርኤንኤ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ያበላሸዋል፤ ናሙናው ከጨፋ ተነስቶ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ቅዝቃዜው መቋረጥ የለበትም፣ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል መስፈርት አይደለም።

እስካሁን ስለ ጫካው አወራን። ለኮምቦልቻ የቀረበው አደጋ ግን ከጫካ የሚወጣው ሳይሆን በመንገድ የሚመጣው ይመስለኛል። ደንጊና ቺኩንጉንያ ጥንት ከጦጣዎች የተነሱ ቢሆኑም ዛሬ እንስሳ ሳያስፈልጋቸው ከሰው ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ሰው ይዘዋወራሉ። በ2013 ደንጊ ድሬዳዋን መታ፤ በ2019 በዚያችው ከተማ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቺኩንጉንያ ታመሙ። በ2023 ደግሞ ደንጊ በአፋር ክልል በሎግያና በሚሌ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሳ። ሚሌ ከኮምቦልቻና ከባቲ የሚወርደው መንገድ ወደ ጅቡቲ ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ደረቅ ወደብና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ኮምቦልቻ ደግሞ የዚያ መንገድ ደንበኛ ናት። ቫይረሱ የሚጓዘው በሾፌሩና በረዳቱ ደም ውስጥ ሲሆን፣ ትንኟም በጭነቱ ላይ እንቁላል ሆና ልትጓዝ ትችላለች።

ይህን ለመረዳት ጎሚስታ ቤት ደጅ የተከመረ አሮጌ ጎማ ውስጥ መመልከት ይበቃል። ዝናብ ከጣለ ከሳምንት በኋላ በጎማው ከንፈር ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ሲታይ፣ እጮቹ ጭራቸውን ወደ ውሃው ገጽ አድርገው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ቁልቁል ዘቅዝቀው ይንሳፈፋሉ፤ የእጅ ጥላ ሲያርፍባቸው እየተጠማዘዙ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። እንቁላሎቹ ግን ውሃው ውስጥ አይደሉም፤ ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብሎ የጎማው ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ ተጣብቀው ነው የሚገኙት፣ ጥቁርና ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ስለሆኑም ለማየት ያስቸግራሉ። ጎማው ደርቆ፣ ተጭኖ፣ ሌላ ከተማ ተወስዶ ከወራት በኋላ እንደገና ዝናብ ቢያገኘው ይፈለፈላሉ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በየግቢው ያለው ክዳን የሌለው በርሜል ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል። ከኤደስ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ የምትራባው ከእስያ የመጣችው የወባ ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሳይም በ2016 በቀብሪ ደሃር ከታየች በኋላ በ2018 በተደረገ ቅኝት ባቲ ላይ ተገኝታለች። በርሜሉን መክደንና ግድግዳውን ፈትጎ ማጠብ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚመታ ሥራ ነው፤ ውሃውን መድፋት ብቻ ግን እንቁላሉን ግድግዳው ላይ ትቶት ይቀራል። ኤደስ በቀን ስለምትነክስ አጎበር ብቻውን ከእሷ አይከላከልም።

የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በ1930 እና 1931 በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ በጎች ሲያልቁ ተለይቶ የታወቀው ይህ ቫይረስ፣ በአንዳንድ የኤደስ ዝርያዎች እንቁላል ውስጥ ተላልፎ በደረቅ መሬት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ከባድ ጎርፍ ሲመጣ ትንኞቹ ቫይረሱን ይዘው ይፈለፈላሉ። በ1997 መጨረሻና በ2006 መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ ከዘነበው ከባድ ዝናብ በኋላ ትልልቅ ወረርሽኞች ተነስተዋል። ምልክቱ አስቀድሞ የሚታየው በእንስሳቱ ነው፤ በጎችና ፍየሎች በአንድ ሰሞን በጅምላ ይጨነግፋሉ፣ ግልገሎችም ያልቃሉ። ሰው ከትንኝ በተጨማሪ በማረድና የጨነገፈ ፅንስ በእጅ በመንካት ይያዛል። የባቲ የሰኞ ገበያን የሚያውቅ ሰው ከአፋር ቆላ የሚወጣው ከብት፣ ፍየልና ግመል ከደጋው ገዢ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ያውቃል፤ ጎርፍ በበዛበት ዓመት ስለ ጅምላ መጨንገፍ የሚመጣ ወሬ ለእንስሳት ጤናው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ለጤና ጣቢያውም መድረስ አለበት።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው መሠረት አካባቢው ላይ አለ። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አላት፤ ደሴ ደግሞ የክልሉ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ክፍሎች መቀመጫ ናት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የሰውንና የእንስሳትን ጤና አንድ ላይ የሚያየው «አንድ ጤና» የሚባለው አሠራር በየአዳራሹ በስብሰባ ከሚነገርለት ይልቅ፣ ከጨፋ የመጣ የበግ ደምና ከሐርቡ ጤና ጣቢያ የመጣ የትኩሳት ታማሚ ደም በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎን ለጎን ቢመረመሩ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል ብዬ አምናለሁ።

ታማሚውና ሐኪሙም የድርሻቸው አላቸው። ወባ ያልተገኘበት፣ ትኩሳት ከከባድ የመገጣጠሚያ ወይም ከዓይን ጀርባ ሕመም ጋር የያዘው፣ በተለይም ከቆላ የተመለሰ ሰው ደንጊ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ እስኪጣራ ድረስ ለሕመሙ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም የዳይክሎፌናክ መርፌ ሊሰጠው አይገባም፤ እነዚህ የመድማትን አደጋ ያባብሳሉ። ቢጫ ወባን በተመለከተ ከ1937 ጀምሮ የሚታወቀው ክትባት አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ይበቃል፤ በሽታው ወዳለባቸው የደቡብና ደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ለሥራ የሚሄድ ሰው ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መከተብ አለበት። ደም ለምርመራ ሲላክ ደግሞ ቀኑ ወሳኝ ነው፤ በሕመሙ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ቫይረሱን ራሱን በፒሲአር መፈለግ ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ከደም ውስጥ ስለሚጠፋ የሚፈለገው ፀረ እንግዳ አካሉ ይሆናል። ስለዚህ በምርመራ መጠየቂያው ቅጽ ላይ ደሙ የተወሰደበት ቀን ብቻ ተጽፎ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን ከተዘለለ፣ ላቦራቶሪው ያገኘው «ኔጋቲቭ» ቫይረሱ አልነበረም ማለት ይሁን ወይም ናሙናው ዘግይቷል ማለት፣ ማንም ሊለየው አይችልም።